ቅርንጫፉ የተመለሰባት አገር፦ በቡድሃ መንገድ የስድስት ቀን ጉዞ

ቀን 1፤ በባቡር ወደ ጋያ

ታኅሣሥ ላይ ሰሜን ሕንድን ጉም ይውጠዋል። ከዴልሂ እስከ ጋያ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማታ ተሳፍረን ጠዋት እንደርሳለን ብለን ነበር፤ ሲነጋ ገና መንገድ እኩሌታ ላይ ነን። በመስኮት ሲያዩት ነጭ ብቻ። አልፎ አልፎ የሰናፍጭ ማሳ ብልጭ ይልና ይጠፋል።

ይህን ጉዞ ካሰብኩት ቆይቻለሁ። ፊደል ያስቆጠሩኝ አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ እስከ ዛሬ የኔታ ነው የምላቸው። ልጅ እያለን ማታ ማታ የይዋስፍን ታሪክ ይነግሩን ነበር። ይዋስፍ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ነው። አባቱ ክፉ ነገር እንዳያይብኝ ብሎ ቤተ መንግሥት ውስጥ ዘግቶ ያሳድገዋል። አንድ ቀን ልጁ ይወጣል። በሽተኛ ያያል። የጎበጠ ሽማግሌ ያያል። ሰው ሁሉ እንደሚሞት ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ዙፋኑም ማዕዱም አይጥመውም፤ ሁሉን ትቶ ይመንናል።

ለትምህርት ሕንድ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ የክፍል ጓደኛዬ የቡድሃን ሕይወት ሲያጫውተኝ ክው ብዬ ቀረሁ። የኔታ የነገሩን ታሪክ ነው! ስሙ ብቻ ሲድሃርታ ጎታማ ሆኗል። ተመሳሳይነቱ የአጋጣሚ አልነበረም፤ እንዴት እንደሆነ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ከፊቴ የናግፑር ቤተሰብ ተቀምጧል። ዴልሂ የሚሠራ ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ቦድ ጋያ ለመሳለም እየሄዱ ነው። እናትየዋ ነጭ ሳሪ ለብሰዋል። ስልካቸው ሲጮህ «ሃሎ» አይሉም። «ጃይ ቢም!» ይላሉ፤ ድል ለቢም እንደማለት ነው። ቢም የሚሏቸው ዶክተር ቢምራኦ አምቤድካርን ነው።

አምቤድካር በ1891 የተወለዱት በሂንዱ የዘር መደብ ከሁሉ በታች ከተደረጉት፣ «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ተማሪ ሳሉ የትምህርት ቤቱን የውኃ ዕቃ መንካት አይፈቀድላቸውም ነበር። እኚህ ሰው ኒውዮርክና ለንደን ተምረው መጡ። የነጻይቱን ሕንድ ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴም በሊቀመንበርነት መሩ። በ1935 «ሂንዱ ሆኜ ብወለድም ሂንዱ ሆኜ አልሞትም» ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ከዚያ ሃያ አንድ ዓመት ሲያነቡና ሲያመዛዝኑ ቆዩ። ኦክቶበር 14 ቀን 1956 ናግፑር ላይ የቡድሃን መንገድ ተቀበሉ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም ተከተላቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 6፣ አረፉ።

«አባቴ ሜዳው ላይ ነበር» አሉኝ እናትየዋ፣ ልጃቸው እያስተረጎመች። «እኔ ሕፃን ነበርኩ። እናቴ ግን ሁሌ ትነግረኝ ነበር፤ ሄዶ ሲመለስ ቀና ብሎ ነው የገባው ትለኝ ነበር።» ይህን ሲሉ እጃቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ራሳቸውን ከፍ አደረጉት። ያ እንቅስቃሴያቸው ከዓይኔ አልጠፋም።

በ2011 ቆጠራ መሠረት ሕንድ ውስጥ 8.4 ሚሊዮን ቡድሂስቶች አሉ። ከአገሩ ሕዝብ አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም። ከእነሱ ውስጥ አብዛኞቹ ናግፑር የምትገኝበት የማሃራሽትራ ሰዎች፣ የአምቤድካር ተከታዮችና ልጆቻቸው ናቸው። በዓለም ዙሪያ ከ300 ሚሊዮን በላይ ተከታይ ያለው እምነት በተወለደበት ቤት ያለው ቤተሰብ ይህን ያህል ነው። እሱም ቢሆን ሄዶ የተመለሰ ነው።

ጋያ ስንደርስ መሽቷል። አስቀድሜ የያዝኩት ሆቴል «የውጭ ዜጋ አናሳድርም» ብሎ በር ላይ መለሰኝ። በጣም ከፋኝ። የእናትየዋ ልጅ ስልክ ደዋውላ ቦድ ጋያ በአንድ ገዳም የእንግዳ ማረፊያ አልጋ አገኘችልኝ።

ቀን 2፤ ቦድ ጋያ፣ ከዛፉ ሥር

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳሁ። ወደ ማሃቦዲ ቤተ መቅደስ ሲገባ ስልክ ውጭ ይቀመጣል። በ2013 ግቢው ውስጥ ቦምብ ከፈነዳ ወዲህ ጥበቃው ጠብቋል። ጫማም ይወለቃል። ይህ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። በባዶ እግሬ ቀዝቃዛውን ድንጋይ ስረግጥ የቤተ ክርስቲያን ጠዋት ትዝ አለኝ።

ሕንፃው ከ50 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይሾጥጣል። የሰው ልብ ያለው ግን ከጀርባው ነው። ዛፉ እዚያ ነው። ሲድሃርታ ቤቱን በ29 ዓመቱ ትቶ ወጣ። ስድስት ዓመት ራሱን በጾም ሲቀጣ ቆየ። ጎድን አጥንቱ እስኪቆጠር ከሳ። በመጨረሻ ከሆድ ጋር መጣላት ብቻውን የትም እንደማያደርስ ገባው። በ35 ዓመቱ እዚህ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ የሚፈልገውን ሳያገኝ ላይነሳ ወሰነ። ቡድሃ ማለት የነቃ ማለት ነው፤ የነቃውም እዚህ ነው።

ጎህ ሲቀድ ነፋስ መጣ። አንድ ቅጠል ከላይ እየተሽከረከረ ወረደ። አጠገቤ በተመስጦ ዓይናቸውን ጨፍነው የተቀመጡ አንዲት የታይላንድ ሴት ገለጥ አድርገው አዩት። ከእሳቸው ቀድሞ አንድ ሕፃን ልጅ ሮጦ አነሳው። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፤ ጫፉ እንደ ጅራት ረዝሞ ይቀጥናል። ልጁ አገላብጦ አየው፣ ከዚያ ሄዶ ለሴትየዋ ሰጣቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩት። እኛ መስቀል እንደምንሳለመው።

ከዛፉ ወዲያ ቲቤታውያን ይሰግዳሉ። ቁመት ሙሉ የሆነ የእንጨት ሳንቃ መሬት ላይ ይዘረጋሉ። መዳፋቸው ሥር ጨርቅ አድርገው ይንሸራተቱና በግንባራቸው ይደፋሉ፤ ተነስተው ደግሞ ይደፋሉ። ሳንቃው መሃሉ ላይ ከመተሻሸት ብዛት መስታወት መስሏል። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ስንት ጊዜ እንደሰገዱ በመቁጠሪያ ይይዛሉ። ሕማማት ላይ ቤተ ክርስቲያን የዋለ ሰው ይህ ድካም ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

አሁን ያለው ዛፍ የመጀመሪያው አይደለም። የቀድሞው በ1876 በማዕበል ወደቀ፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ችግኝ ተተካ። ዘሩ ሳይጠፋ የቆየው በሌላ አገር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የሕንዱ ንጉሥ የአሾካ ልጅ ሳንጋሚታ ከዛፉ ቅርንጫፍ ይዛ ወደ ስሪላንካ እንደተሻገረች የደሴቲቱ ዜና መዋዕል ይናገራል። እዚያ አኑራዳፑራ ላይ የተተከለው ዛፍ ዛሬም አለ።

አሾካን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ካሊንጋ የሚባለውን አገር በጦር ድል አደረገ። ከዚያ ድሉን ሳይሆን ጸጸቱን አለት ላይ አስቀረጸ፦ 100,000 ሰው ተገደለ፣ 150,000 ተጋዘ፣ ይህም ያሳዝነኛል ብሎ። እንዲህ ያለ የንጉሥ ጽሑፍ ሌላ ቦታ አላየሁም። በዚያው ጽሑፍ የጽድቅን መልእክት ካደረሳቸው ነገሥታት መካከል የግብጹን በጥሊሞስን በስም ይጠራል። የቡድሃ ስብከት ከአንድ የሕንድ ክፍል እምነትነት ወጥቶ የዓለም ሃይማኖት የመሆን ጉዞውን የጀመረው በዚህ ሰው ዘመን ነው።

ከሰዓት በኋላ ከተማዋን ዞርኩ። የታይላንድ፣ የጃፓን፣ የቡታን፣ የበርማ፣ የቬትናም ገዳም፤ እያንዳንዱ በአገሩ ሥነ ሕንፃ የተሠራ ነው። በመሃል የሕንድ ሻይ ሻጮች። ልጆቿ ከየአገሩ ወደ ቤት የተመለሱላት እናት ትመስላለች ከተማዋ።

ግን ያልተዘጋ ቅሬታም አለ። በ1949 የወጣ ሕግ ቤተ መቅደሱን ሂንዱዎችና ቡድሂስቶች በጋራ በሚቀመጡበት ኮሚቴ እንዲተዳደር አደረገ። በ2025 መጀመሪያ መነኮሳት ሕጉ ተሽሮ አስተዳደሩ ሙሉ በሙሉ ለቡድሂስቶች ይሰጥ ብለው የረሃብ አድማ መቱ። ሂንዱዎችም ቡድሃን ከአምላካቸው ከቪሽኑ ትስብእቶች አንዱ ነው ብለው ያከብሩታል፤ ቦታውን የእኛም ነው ይላሉ። እኔ እንግዳ ነኝ። ሆኖም የመነኮሳቱ ጥያቄ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። የራስን ቅዱስ ቦታ ራሴ ላስተዳድር ማለት የበዛ ጥያቄ አይደለም።

ቀን 3፤ ናላንዳ

በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል። ራጅጊር ላይ ቡድሃ ያስተማረበት የጥንብ አንሳ ጫፍ የሚባል ኮረብታ አለ፤ ወጣሁ፣ ጉም ነው፣ ምንም አላየሁም፣ ወረድኩ።

ምሳ ሊቲ በላሁ። የስንዴ ሊጥ ውስጡ በተቆላ የሽምብራ ዱቄት ተሞልቶ ፍም ላይ ይጠበሳል። ዱቄቱን ሳቱ ይሉታል፤ ገበሬው በውኃ በጥብጦም ይጠጣዋል። ስቀምሰው በሶ ነው! የገብስና የሽምብራ ልዩነት ነው እንጂ ያው የመንገደኛ ስንቅ ነው።

ናላንዳ ቀይ ጡብ ነው። ዓይን እስኪደክም ቀይ ጡብ። በአምስተኛው መቶ ዓመት የተመሠረተ ገዳም ሲሆን፣ ለሰባት መቶ ዓመት ያህል ከመላው እስያ ተማሪ የሚጎርፍበት የትምህርት ማዕከል ነበር። የመነኮሳቱን ክፍሎች አየሁ። አንዱ ውስጥ ገብቼ ግድግዳው ላይ ያለችውን የመብራት ጉድጓድ በጣቴ ዳሰስኳት። ክፍሉ ለአንድ ሰው መተኛና መቀመጫ ብቻ ይበቃል። የአብነት ተማሪን ጎጆ ላየ ሰው ትውልዱ እንጂ ነገሩ አይለይም።

እዚህ ከተማሩት አንዱ ቻይናዊው መነኩሴ ሽዋንዛንግ ነው። በ629 ከንጉሡ ፈቃድ ሳያገኝ አገሩን ለቆ በበረሃና በበረዶ ተራራ መጣ። በ645 ሲመለስ 657 መጻሕፍት ይዞ ነበር። ቀሪ ዕድሜውን ሲተረጉም ኖረ። ያየውንም ከተማና ገዳም ሁሉ፣ ርቀቱን ሳይቀር፣ ጽፎ አስቀመጠ።

በ1200 ገደማ ናላንዳ በጦር አዛዡ በባክቲያር ኪልጂ ወታደሮች ጠፋች ይባላል። ጦር ብቻ አይደለም ቡድሂዝምን ከሕንድ ያነሳው። ቀስ በቀስ ነገሥታቱ ልግሥናቸውን ወደ ሂንዱ ቤተ መቅደሶች አዙረው ነበር። ሕዝቡ ቡድሃን ከሌሎች አማልክት ጋር ቀላቅሎት ነበር። በእኔ አስተያየት ትልቁ ድክመት እምነቱ ገዳም ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ነው። ልደቱን፣ ሠርጉን፣ ቀብሩን የሚያስፈጽምለት የሂንዱ ካህኑ ብራህማን ስለነበር ገዳሙ ሲቃጠል መንደሩ ውስጥ የሚተርፍ ጥቂት ሆነ። ከዚያ ሕዝቡ ረሳው። ኮረብታው ሥር ምን እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አሌክሳንደር ካኒንግሃም የሚባል እንግሊዛዊ የሽዋንዛንግን የጉዞ ማስታወሻ በትርጉም ይዞ ተነሳ። «ከዚህ ከተማ በስተምሥራቅ ይህን ያህል ርቀት» የሚለውን እየተከተለ የጠፉትን ቦታዎች አንድ በአንድ ለየ። ከሕንድ የተወሰደው እውቀት በቻይንኛ ተጽፎ ቆይቶ፣ ከ1,200 ዓመት በኋላ ለሕንድ የራሷን ካርታ መለሰላት። ይህን ያነበብኩት አንድ ጥግ፣ ጡብ ላይ ተቀምጬ ነው። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ቀኑንና ርቀቱን በጥንቃቄ ጻፍኩ።

ቀን 4፤ ቦድ ጋያ እንደገና

ዛሬ ብዙም አልሄድኩም። የፋልጉን ወንዝ ተሻገርኩ፤ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው። ማዶ ሱጃታ የምትባል የመንደር ልጅ ለከሳው ሲድሃርታ በወተት የተቀቀለ ሩዝ የሰጠችበት ቦታ ይታያል። እሷ ባትኖር ዛፉ ሥር የሚቀመጥበት አቅም ባልኖረው ነበር።

ማረፊያው ውስጥ ከአሥር ቀን የዝምታ ተመስጦ የወጣ የሙምባይ ሰው አገኘሁ። ቪፓሳና ይሉታል፤ እስትንፋስንና የሰውነትን ስሜት ዝም ብሎ መመልከት ነው። ይህም ተመላሽ ነው። በርማ የተወለዱት ሕንዳዊው ነጋዴ ጎዬንካ እዚያ ተምረውት በ1969 ወደ ሕንድ አመጡት። በ1994 ዴልሂ የሚገኘው የቲሃር እስር ቤት ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ እስረኞች ቁጭ ብለው ሠርተውታል። ዛሬ በየሆስፒታሉና በየስልኩ የምናየው የጭንቀት ማስታገሻ ተመስጦ ብዙው ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነው። ሰውየውን ምን እንዳገኘ ጠየቅኩት። «ስቆጣ መቆጣቴን ቀድሜ አየዋለሁ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ቀን 5፤ ሳርናት

ቫራናሲ በጠዋት ባቡር ገባሁ፤ ሳርናት ከዚያ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ቡድሃ ከነቃ በኋላ መጀመሪያ ያስተማረው እዚህ፣ ለአምስት ሰዎች ነው። አነጋገሩ የሐኪም ነው። ሕመሙ ይህ ነው፤ ስቃይ አለ። መነሻው ይህ ነው፤ የማይጠግብ ምኞት። ይድናል። መድኃኒቱም ይኸው፤ ስምንት ነገር ያለው መንገድ፣ ከትክክለኛ አስተያየት እስከ ትክክለኛ ተመስጦ። ከዚህ በኋላ 45 ዓመት በእግሩ እየዞረ ይህንኑ አስተማረ።

ሙዚየሙ ስገባ አሾካ ያሠራቸው አራት አንበሶች ፊት ለፊት ተቀበሉኝ። ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ቆመዋል። ከ2,200 ዓመት በላይ የሆነው ድንጋይ አሁንም ያበራል። ከእግራቸው ሥር ዝሆን፣ ፈረስ፣ በሬና አንበሳ፣ በመሃላቸው ደግሞ መንኮራኩር። ከኪሴ የሩፒ ሳንቲም አወጣሁ። ያው አንበሶች! ቁፋሮ ያወጣቸው በ1904 እና 1905 ነው። ጃንዋሪ 26 ቀን 1950 የሕንድ መንግሥት ዓርማ ሆኑ። ሰንደቅ ዓላማው መሃል ያለው ባለ 24 ዘንግ መንኮራኩርም የአሾካ ነው። ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመት ረስቶት የኖረው ንጉሥ ዛሬ በእያንዳንዱ ሕንዳዊ ኪስ ውስጥ ነው።

ጥግ ላይ አንድ ግዙፍ የቀይ ድንጋይ ሐውልት አለ። ባላ የሚባል መነኩሴ በኩሻኑ ንጉሥ በካኒሽካ ሦስተኛ ዓመት ያቆመው ነው። በጥንት ዘመን ሰሜን ሕንድን የገዙት ኩሻኖች ቡድሂዝም በንግድ መንገድ ወደ መካከለኛው እስያና ቻይና እንዲዘልቅ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። የእነሱ ከመቶ በላይ የወርቅ ሳንቲሞች በ1940 ደብረ ዳሞ ላይ ተገኝተዋል። ደብረ ዳሞ፣ በገመድ የሚወጣበት የእኛው ገዳም! ሐውልቱ ፊት ቆሜ የቀይ ባሕር መርከቦችን አሰብኩ።

ከሙዚየሙ ወጥቼ በ1931 ወደተመረቀው ቤተ መቅደስ ሄድኩ። አናጋሪካ ዳርማፓላ የሚባሉ የስሪላንካ ሰው በ1891 ቦድ ጋያን ጎብኝተው የቅዱሱ ቦታ ሁኔታ አሳዘናቸው። ቀሪ ሕይወታቸውን ለመመለሱ ሰጡ። ይህንም ቤተ መቅደስ ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ከጎኑ አንድ ዛፍ አለ። ችግኙ የመጣው ከአኑራዳፑራ ነው። ሳንጋሚታ ይዛው ከሄደችው ቅርንጫፍ ዘር! አጥሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከ2,000 ዓመት በላይ በባዕድ አገር አድጎ፣ እናቱ ስትወድቅ እሱ ተርፎ፣ ተመልሶ መጣ።

ቀን 6፤ ኩሺናጋር

ሌሊቱን ወደ ጎራክፑር በባቡር፣ ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ። ቡድሃ የተወለደባት ሉምቢኒ ከድንበሩ ማዶ ኔፓል ናት። ቪዛ አስቀድሜ ስላላወጣሁ አልሄድኩም። ይህ ቆጭቶኛል።

ቡድሃ በ80 ዓመቱ ያረፈው እዚህ ነው። ቤተ መቅደሱ ውስጥ በቀኝ ጎኑ የተኛ፣ ከ6 ሜትር በላይ የሚረዝም ሐውልት አለ። እስከ ትከሻው ወርቃማ ጨርቅ አልብሰውታል። አንዲት አሮጊት እግሩ ሥር ያለውን ጨርቅ፣ እንቅልፍ የወሰደው ሰው እንደሚሸፈነው፣ ቀስ ብለው አስተካከሉት።

የናግፑሯ እናት «ኩሺናጋር ስትደርስ የቻንድራማኒን ቦታ ሳታይ እንዳትመለስ» ብለውኝ ነበር። ኡ ቻንድራማኒ የበርማ መነኩሴ ናቸው፤ ኩሺናጋር ብዙ ዓመት ኖረዋል። በ1956 ናግፑር ሄደው አምቤድካርን ወደ ቡድሃ መንገድ ያስገቧቸው እሳቸው ናቸው። ሕንድ የላከችውን በርማ ጠብቃ አቆይታ፣ በእኚህ ሰው እጅ ለሕንድ ሰጠቻት።

የተወለዱባት ግዛት አራካን ናት። ይህን ስሰማ ሌላ ነገር መጣብኝ። በ2017 ከዚያችው ግዛት ከ700,000 በላይ ሮሂንጋ የሚባሉ ሙስሊሞች ወደ ባንግላዴሽ ተሰድደዋል። ወታደሩ ነው ያባረራቸው፤ በጥላቻ ስብከት ያራገቡ መነኮሳትም ነበሩ። የቡድሃን ልብስ ለብሶ ይህን ማድረግ ልብ ያደማል። እዚህ ቦታ ቆሞ ይህን አለማንሳት ደግሞ ለእኔ ውሸት ነው።

ማታ ለየኔታ ደወልኩ። የይዋስፍን ነገር አጫወትኳቸው። ታሪኩ ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዓረብ ተሻገረ። ቦዲሳትቫ የሚለው የቡድሃ መጠሪያ በዓረብኛ ቡዳሳፍ ሆነ። በዓረብኛ ጽሕፈት «በ» እና «የ» በቃል መጀመሪያ የሚለዩት በአንድ ነጥብ ነው። ነጥቧ ተሳሳተችና ዩዳሳፍ ተባለ። ክርስቲያኖች የራሳቸው የጻድቅ ታሪክ አድርገው ወሰዱት። በ1553 ገደማ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እንባቆም፣ ከየመን የመጡት ሊቅ፣ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። በግዕዝም ይዋስፍ ሆነ።

የኔታ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ታዲያ እንዴት ሆኖ ሞተ አልከኝ?»

«በእርጅና ነው የኔታ። ሁለት ዛፍ መካከል ተኝቶ። ከዚያ አስከሬኑን አቃጠሉት።»

«አጽሙስ?»

«ስምንት ወገን ለእኔ ይገባል ብሎ ሊዋጋ ደርሶ ነበር። አንድ ብራህማን መሃል ገብቶ በማሰሮ እየሰፈረ ለስምንት አካፈላቸው።»

«አካፋዩስ? ለእሱ ምን ደረሰው?»

«ማሰሮውን ስጡኝ ብሎ እሱን ወሰደ።»

«ደግ ድርሻ ነው» አሉ የኔታ።